ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚቀር ሕመም፦ ከአንድ የውይይት ክር የተወሰደ ዘገባ

ክሩን የከፈተው ሰው የጻፈው ስለ እናቱ ነው። እናቱ የስልሳ ስምንት ዓመት አዛውንት ሲሆኑ፣ ከወራት በፊት አልማዝ ባለጭራ ከግራ ጎናቸው ተነሥቶ እስከ ጀርባቸው ወጥቶባቸው ነበር። ውሃ የቋጠረው ሽፍታ ፈንድቶ፣ ደርቆና ተቀርፎ ካለቀ አምስተኛ ወሩን ይዟል፤ ሕመሙ ግን እንደ መጀመሪያው ሳምንት ነው። ነጠላቸው ጎናቸውን ሲነካቸው ይሰቀቃሉ፤ ሲራመዱ ቀሚሳቸውን በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው ከገላቸው ያርቃሉ፤ ሌሊቱንም በቀኝ ጎናቸው ብቻ ተኝተው ያነጋሉ። የሄዱባቸው ሁለት የሕክምና ተቋማት ቁስሉ መዳኑን፣ የደም ምርመራውም ደህና መሆኑን ነግረው መልሰዋቸዋል። ልጁ ከዚህ ተነሥቶ አንድ ጥያቄና አንድ አስተያየት አቀረበ። ጥያቄው ቁስል በሌለበት ቦታ ሕመም ሊኖር ይችላል ወይ የሚል ነው። አስተያየቱ ደግሞ ሕመም የጉዳት መልእክተኛ ስለሆነ፣ ጉዳት ከሌለ ወይ ምርመራው የሳተው ነገር አለ፣ ወይም የእናቱ ሥቃይ ከብቸኝነትና ከጭንቀት የመጣ ነው የሚል ነበር።

ከዚህ በታች የማቀርበው ለዚህ ጽሑፍ የተሰጡትን ሃያ ዘጠኝ መልሶች ነው። ሁሉንም በእኩል አልዘግብም። ልጁ የሰነዘረውን አስተያየት ብዙዎቻችን፣ የጤና ባለሙያዎችንም ጨምሮ፣ ሳንመረምረው የምንይዘው በመሆኑና የብዙ ሰዎችን ሥቃይ ያለ ሕክምና ስለሚያስቀር፣ እሱን በሚነኩት መልሶች ላይ እቆያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ አጭርና ትሑት ነበር፤ ጸሐፊዋ ለእናቱ ምሕረትን ከተመኘች በኋላ፣ አክስቷም በዚሁ ሕመም ከአንድ ዓመት በላይ ተሠቃይተው ቀስ በቀስ እንደለቀቃቸው በመንገር ልጁን አጽናንታዋለች። 2ኛው የልጁን ግምት ደግፎ፣ አዛውንቶች ልጆቻቸው ሲርቁባቸው ሕመም እንደሚበረታባቸው አሳሰበ። 3ኛው ነገሩን አከረረው፤ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ሁሉ ኤች አይ ቪ መመርመር እንዳለበት ጠቅሶ፣ ልጁ የደበቀው ነገር ሊኖር እንደሚችል በሚያስጠረጥር አነጋገር ጻፈ። 4ኛው መልስ በቁጣ የተሞላ ነበር፤ የሰው እናት በአደባባይ እንዲህ ሊነሡ እንደማይገባ ጠንከር ባለ ቃል ገልጾ ጸሐፊውን ይቅርታ እንዲጠይቅ አስጠንቅቋል። ሐኪም መሆኑን የገለጸው 5ኛው ጸሐፊ ሁለቱንም ለማረም ሞከረ። አልማዝ ባለጭራ በወጣት ላይ ሲወጣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ አሠራር መሆኑን አምኖ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ ግን ዕድሜ ብቻውን የሰውነትን መከላከያ አዳክሞ በሽታውን ለመቀስቀስ እንደሚበቃ አስረዳ። በሽታው ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ በልጅነት ጉድፍ ያመጣው ቫይረስ ከዳንን በኋላም ከሰውነታችን ሳይወጣ፣ በህብለ ሰረሰር አጠገብ ባሉ የነርቭ ሕዋሳት ክምችቶች ውስጥ ለብዙ ዓመታት አድፍጦ ኖሮ ነው የሚነሣው። እኔም ከዚህ ሐኪም ጋር ነኝ። ምርመራን መምከር ደግ ሥራ ነው፤ በጥርጣሬ ማሸማቀቅ ግን የታመመን ሰው ከሐኪም ያርቃል እንጂ አያቀርብም።

የልጁን ጥያቄ ከሥሩ የመለሰችው የ6ኛው መልስ ጸሐፊ፣ ፊዚዮሎጂ የምታስተምር ሴት ናት። ጉዳትና ሕመም አንድ ነገር አለመሆናቸውን በማስረዳት ጀመረች። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን በ1906 ባሳተመው ሥራው፣ ጉዳትን ለመለየት የተመደቡ የነርቭ ጫፎች እንዳሉ ገልጾ ኖሲሴፕተር ብሎ ሰየማቸው፤ በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ፐርልና ባልደረቦቹ ከነጠላ የነርቭ ክሮች የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ምልክት በመቅዳት መኖራቸውን አረጋገጡ። እነዚህ ጫፎች የሚያቃጥል ሙቀትን፣ የበረታ ጫናንና ከተጎዳ ሕዋስ የሚፈስሱ ኬሚካሎችን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣሉ። ምልክቱ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ለሌላ ነርቭ ተላልፎ ወደ አንጎል ይወጣል፤ በየደረሰበት ጣቢያም ሊጎላ ወይም ሊደበዝዝ ይችላል። ሕመም የምንለው ከዚህ ሁሉ በኋላ አንጎል የሚደርስበት ስሜት ነው። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ፣ ሕመም ከአካል ጉዳት ጋር የተያያዘ ወይም እንዲህ ያለውን የሚመስል ደስ የማይል የአካልና የመንፈስ ስሜት መሆኑን ካሰፈረ በኋላ፣ አንድ ሰው ያመኛል ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ በማብራሪያው አክሏል።

ወደ እናትየው ስትመለስም እንዲህ አብራራች። ቫይረሱ ከተደበቀበት ተነሥቶ ወደ ቆዳ የሚወርደው በነርቩ ውስጥ በመሆኑ፣ ሲያልፍ ነርቩን ያስቆጣዋል፤ ይጎዳዋልም። ቆዳው በሳምንታት ይድናል፤ የተጎዳው ነርቭ ግን ማንም ሳይነካው ምልክት መላኩን ይቀጥላል። ምልክቱን ያለማቋረጥ የሚቀበሉት የህብለ ሰረሰር ሕዋሳት ደግሞ ራሳቸው ይለወጣሉ፤ ክሊፎርድ ዉልፍ በ1983 እንዳሳየው ስሜታቸው እጅግ ስለሚስል፣ ቀላል ንክኪ እንኳ ወደ አንጎል ሕመም ሆኖ ይደርሳል። የነጠላዋ ጫፍ የሚያሠቃየው በዚህ ምክንያት ነው። ጅቡ ከሄደ በኋላም ሲጮኽ እንደሚያድር ውሻ፣ ነርቩ የሚጠብቀው አደጋ ካለፈ በኋላም ማስጠንቀቁን አላቆመም። ስለዚህ ጉዳት የለም የሚለው የልጁ መነሻ ትክክል አይደለም፤ ጉዳቱ በዓይንና በደም ምርመራ በማይታይበት በነርቩ ላይ ነው። ከክሩ ውስጥ አንድ ብቻ አስቀር ብባል ይህን መልስ ባስቀረሁ ነበር።

7ኛው መልስ ከዚህ በመነሣት የየዕለት ገጠመኝን አቀረበ፤ እንቅፋት ሲመታን መጀመሪያ ስለት ያለው ሕመም ብልጭ ብሎ ያልፍና፣ ጥቂት ቆይቶ የሚጠዘጥዝ ሌላ ሕመም የሚከተለው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። መምህርቷ በ8ኛው መልስ ስትመለስ፣ ፊተኛው ቀጭን ሽፋን ባላቸው የነርቭ ክሮች በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር እየተጓዘ፣ ኋለኛው ግን ሽፋን በሌላቸው ክሮች በሰከንድ ከ2 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት እየተጓዘ እንደሚደርስ ገለጸች። የተመታውን ጣት በእጃችን ስናሸው የሚቀልለን ለምን እንደሆነም አያይዛ አስረዳች፤ ሮናልድ መልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ባቀረቡት የበር ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የንክኪ ነርቮች በህብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመሙን ምልክት ማለፊያ ያጠብቡታል። የንድፈ ሐሳቡ ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢታረምም፣ ምልክቱ በመንገዱ ላይ ይመጠናል የሚለው ዋና ሐሳብ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ክሩ ለአደጋ የቀረበው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የ9ኛው መልስ ጸሐፊ በውጭ አገር ከበርበሬ የሚሠራ የሕመም ማስታገሻ መኖሩን አንብቦ ኖሮ፣ እናትየው ሚጥሚጣ በቅቤ ተለውሶ ጎናቸውን እንዲቀቡ መከረ። 10ኛው መልስ የመጣው ከአንዲት የፋርማሲ ባለሙያ ሲሆን፣ በክሩ ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ ጠንካራው ነበር። መጠኑ የማይታወቅ ሚጥሚጣ የታመመ ነርቭ ባለበት ቆዳ ላይ መቀባት ቆዳውን እንደሚያቃጥልና እንደሚያቆስል፣ ያላወቁትን መምከርም በሰው ገላ ላይ መጫወት መሆኑን በግልጽ ነግራዋለች። ቁጣዋ ተገቢ ነበር። ከቁጣው በኋላ ግን ያነበበው ነገር መሠረት እንዳለው አልካደችም። ካፕሳይሲን የሚባለው የበርበሬ ንጥረ ነገር በመቶ 8 የሆነበት ልጣፍ፣ ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀር የነርቭ ሕመም በ2009 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ልጣፉን የሚለጥፈው ጓንት ያደረገ ባለሙያ ነው፤ ቆዳው ላይ የሚቆየው እስከ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ በሚረዳቸው ሰዎች ዘንድ ማስታገሱ ለወራት ይዘልቃል።

የሚያቃጥል ነገር እንዴት ሕመም እንደሚያስታግሥ በ11ኛው መልስ የተብራራው ከካሊፎርኒያ በጻፈ የባዮሎጂ ተመራማሪ ነው። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ በ1997 ካፕሳይሲን የሚይዘውን ፕሮቲን ለይተው ሲያወጡ፣ ያው ፕሮቲን ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ በሙቀት የሚከፈት በር ሆኖ ተገኘ። ሚጥሚጣ አፋችንን ሲያቃጥለን አንጎላችን እሳት የነካን ያህል የሚቆጥረው ሁለቱም ምልክቶች በአንድ በር ስለሚገቡ ነው። ክትፎ ከአይብ ጋር መቅረቡም ለዚህ የሚያግዝ ብልሃት ነው፤ ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ በቅባትና በወተት ተዋጽኦ ግን ይለቅቃል። የሚያሠቃየው ንጥረ ነገር በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ደግሞ በቆዳው ውስጥ ያሉት የነርቭ ጫፎች ሥራ ያቆማሉ፤ ቀስ በቀስ እስኪያድጉም ድረስ ምልክት አይልኩም። ጁሊየስና፣ የንክኪንና የጫናን ተቀባዮች ያገኘው ትውልደ አርመን ቤሩቴው አርደም ፓታፑቲያን የ2021ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ተመራማሪው ሳይጠየቅ አንድ ነገር አከለ፤ ወፎች ያላቸው ተቀባይ በካፕሳይሲን ስለማይነካ በርበሬውን ያለ ሥቃይ በልተው ዘሩን ይበትናሉ።

በ12ኛው መልስ ውይይቱ አዲስ አበባ ገባ። ጸሐፊዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ሲሆኑ፣ ከሥራ ዘመናቸው ብዙውን ያሳለፉት በሥጋ ደዌ ሕሙማን መካከል ነው። ሕመምን እንደ ጠላት ብቻ ለሚመለከቱት ሁሉ ሌላውን ገጽ አሳይተዋል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በእጅና በእግር ያሉትን ነርቮች ሲያጠፋ ሰውየው የጋለ ድስት በባዶ እጁ ያነሣል፤ ጫማው ውስጥ የገባችው ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትወጋው ይውላል፤ ማታ ካልሲው በደም መርጠቡን ሲያይ ነው የሚያውቀው። በሕንድ ቬሎር የሠራው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ፖል ብራንድ፣ የሕሙማኑ ጣቶች የሚጠፉት ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ ሳይሆን ያልተሰማ ቁስል ስለሚደጋገምባቸውና ስለሚያመረቅዝባቸው መሆኑን አስተምሯል። እኚህ ነርስም በ1965 በተቋቋመው የአዲስ አበባ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ በአለርት፣ ሕሙማን በየምሽቱ እግራቸውን አጥበው፣ በመስተዋት ታግዘው የውስጥ እግራቸውን እንዲፈትሹ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ለልጁም ጠቃሚ ምክር ሰጥተውታል፤ የእናቱ ጎን በአንዳንዱ ቦታ የደነዘዘ ሊሆን ስለሚችል፣ ለማስታገሥ ተብሎ የሞቀ ውሃ የያዘ ላስቲክ እንዳይደረግባቸው አስጠንቅቀዋል።

13ኛው መልስ የነርሷን ነጥብ የሚያጠናክር ታሪክ አቀረበ። በሰሜን ፓኪስታን በመንገድ ትርዒት የሚታወቅ አንድ ልጅ በክንዱ ቢላ እያሳለፈና በፍም ላይ እየተራመደ ገንዘብ ያገኝ ነበር። የካምብሪጁ ጄፍሪ ዉድስና ባልደረቦቹ ሊያጠኑት ሲዘጋጁ፣ ልጁ አሥራ አራተኛ ዓመቱን ሳይይዝ ከቤት ጣሪያ ላይ ዘሎ ሞተ። ተመራማሪዎቹ ዘመዶቹን አጥንተው በ2006 እንዳሳተሙት፣ ንክኪን፣ ሙቀትንና ቅዝቃዜን የሚለዩት እነዚህ ሰዎች ሕመም ብቻ የማይሰማቸው፣ ናቭ 1.7 የሚባለው፣ ነርቭ ምልክት ለመላክ የሚጠቀምበት የሶዲየም ማለፊያ በዘር ለውጥ ምክንያት ስለማይሠራላቸው ነው። ከንፈራቸውና ምላሳቸው በራሳቸው ጥርስ ቆስሏል፤ አጥንታቸው ሳያውቁት ተሰብሮ ጠግኗል። ይህንን ማለፊያ የሚዘጋ መድኃኒት ለምን አልተሠራም የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። 14ኛው መልስ ብዙ ኩባንያዎች ሞክረው በሰው ላይ እንዳልተሳካላቸው፣ ነገር ግን የቅርብ ዘመዱን ናቭ 1.8ን የሚዘጋው ሱዜትሪጂን በጥር 2025 በአሜሪካ መፈቀዱን ገልጿል። መድኃኒቱ እንደ ሞርፊን በአንጎል ላይ ስለማይሠራ ሱስ ያስይዛል ተብሎ አይፈራም። የተፈቀደው ግን እንደ ቀዶ ሕክምና ላለ ድንገተኛ ሕመም ብቻ በመሆኑ፣ ለእናትየው ዓይነት ሕመም ተስፋ አድርጎ መጠበቅ እንደማይገባ ጸሐፊው አስገንዝቧል።

15ኛው መልስ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ የመጣ ነው። ፀጉር አልባው፣ ጥርሱ ወደ ፊት የወጣው ትንሽ ፍልፈል፣ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 ከሸዋ በተገኘ ናሙና ለሳይንስ ያስተዋወቀው፣ ሕመም የማይሰማው እንስሳ መሆኑን ጸሐፊው በኩራት አበሰረ። 16ኛው ኩራቱን ሳይነካ ስሕተቱን አረመ። ቶማስ ፓርክ፣ ጋሪ ልዊንና ባልደረቦቻቸው በ2008 ባወጡት ጥናት እንስሳው ሲቆነጠጥና ሲቃጠል እንደማንኛውም አይጥ ይሸሻል፤ የማይሰማው የአሲድና የካፕሳይሲን ማቃጠል ነው። እንስሶቹ በመሬት ውስጥ በጠባብ ጉድጓድ ተጨናንቀው ስለሚኖሩ፣ ከትንፋሻቸው የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚፈጥረውን አሲድ ችለው ለመኖር የተለወጡ እንደሚመስል ተገምቷል። በአገራችን መሬት ሥር የሚኖር ፍጥረት የሕመምን ሳይንስ ይህን ያህል ማገዙን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

17ኛው መልስ የራሱ የጠያቂው ነው። አስተያየቱን ማንሣቱን፣ እናቱንም ወደ ነርቭ ሐኪም ለመውሰድ ቀጠሮ መያዙን ገልጾ፣ እስከዚያው ድረስ ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት የዳይክሎፌናክ መርፌ ቢያስወጋቸው ይሻል እንደሆነ ጠየቀ። የፋርማሲ ባለሙያዋ በ18ኛው መልስ በጽኑ ከለከለችው። ዳይክሎፌናክና ዘመዶቹ ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን የብግነት (የማበጥና የመቅላት) ኬሚካል መመረት የሚገቱ ናቸው፤ ይህን አሠራር በ1971 በአስፕሪን ያሳየው ጆን ቬን በ1982 ኖቤል ተሸልሞበታል። እናትየው ያለባቸው ግን የነርቭ ጉዳት እንጂ ብግነት ስላልሆነ መርፌው ብዙም አይጠቅማቸውም፤ በዚህ ዕድሜ ላይ ጨጓራቸውንና ኩላሊታቸውን ሊጎዳ ይችላል። ለነርቭ ሕመም የሚሠሩት ምልክት ላኪውን ነርቭ የሚያረጋጉት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን፣ እንዲሁም ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደውን የሕመም መቆጣጠሪያ የሚያግዙት እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። አሚትሪፕቲሊን በመጀመሪያ የወጣው ለድብርት በመሆኑ፣ ሲታዘዝላቸው እንደ አእምሮ ሕመምተኛ ተቆጠርኩ ብለው እንዳያዝኑ አስቀድሞ እንዲያስረዳቸው መክራዋለች። አዛውንትን ሊያዞርና አፍ ሊያደርቅ፣ የልብ ሕመም ባለበት ሰው ላይም ሊያሰጋ ስለሚችል፣ በአነስተኛ መጠን በምሽት ተጀምሮ በሐኪም ክትትል የሚጨመር መሆኑንም አክላለች።

19ኛው መልስ ዳይክሎፌናክ መጠቀሱን ተከትሎ ወደ ጥንብ አንሳዎች ሄደ፤ በሕንድና በፓኪስታን መድኃኒቱ የተሰጣቸውን የሞቱ ከብቶች የበሉ ጥንብ አንሳዎች በኩላሊት መድከም እንዳለቁ፣ ምክንያቱም በ2004 እንደታወቀ ተረከ። ትረካው እውነት ነው፤ የሚያሳስብም ነው፤ ሆኖም የክሩ አስተባባሪ በ20ኛው መልስ ተሳታፊዎችን በትሕትና ወደ ርዕሱ መልሷል።

ከዚያ ቀጥሎ የነበረው ክርክር የከረረ ነበር። የ21ኛው መልስ ጸሐፊ፣ አበሻ ችሎ የሚኖር ሕዝብ መሆኑንና እናቶቻችን ያለ መርፌና ያለ ኪኒን ወልደው ማሳደጋቸውን አንሥቶ፣ የዛሬው ትውልድ ለትንሹም ለትልቁም መድኃኒት መፈለጉ ድክመት መሆኑን ጻፈ። የ22ኛው መልስ ጸሐፊ በጦር ሜዳ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው፤ የመለሰውም ያለ ምንም ማለሳለስ ነበር። በቆሰለበት ሰዓት ሕመም እንዳልተሰማው፣ ይህም የጀግንነት ምልክት እንዳልነበረ ገለጸ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ያገለገለው አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር፣ ክፉኛ ከቆሰሉት ወታደሮች አብዛኞቹ ማስታገሻ አልፈለጉም ሲል የመዘገበው ከእሱ ገጠመኝ ጋር አንድ ነው፤ ሕይወት በሚያሰጋ ሰዓት አንጎል ምልክቱን ያግደዋል። ዛሬ ግን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የሌለው እግሩ ጣቶች ይቆለመሙበታል። አሜሪካዊው ሳይላስ ዊየር ሚቸል በ1871 ስም ያወጣለት ይህ ሕመም የሚቻል ነገር ቢሆን ኖሮ ከማንም በፊት ወታደር ይችለው እንደነበር፣ ችሎ መኖር የሚባለውም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሰው በማጣት ዝም ማለት መሆኑን አስረድቷል። እዚህ ላይ ገለልተኛ አይደለሁም። ያለ ማስታገሻ የወለዱት እናቶቻችን ምርጫ አልነበራቸውም፤ ያጡትን እንደ መረጡት አድርገን ልናወድሳቸው አይገባም።

23ኛዋ ጸሐፊ በአሜሪካ በነርስነት የምትሠራ ስትሆን፣ ዝምታው በስደት የሚያስከፍለውን ዋጋ ገለጸች። በ2016 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ ጥናት፣ ከተጠየቁት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ተለማማጅ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ የጥቁር ሰው ቆዳ ወፍራም ነው እንደሚለው ካሉ ሐሰተኛ እምነቶች ቢያንስ አንዱን ተቀብለው ነበር፤ እንዲህ የሚያምኑትም የጥቁር ታማሚን ሕመም አሳንሰው ገምተዋል። ስለዚህ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ሕመማቸው ከዜሮ እስከ አሥር ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ተመስገን ደህና ነኝ ብለው ሦስት ቁጥርን ሲጠሩ፣ መዝጋቢው ያንኑ ሦስት ይጽፋል። 24ኛው የሰመመን ባለሙያ፣ ያልታመነ ሕመም የአዋቂ ብቻ አለመሆኑን አስታወሰ፤ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሕፃናት ሕመም አይሰማቸውም በሚል ግምት ብዙ ጨቅላዎች በቂ ማስታገሻ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ በ1987፣ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት መካከል ፌንታኒል የሚባል ብርቱ ማስታገሻ የተጨመረላቸው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተሻለ እንደሆኑ ካሳዩ በኋላ ነው አሠራሩ መለወጥ የጀመረው።

25ኛው መልስ ሞርፊንን አነሣ። ጸሐፊው ወንድሙን በካንሰር ያጣ ሲሆን፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወንድሙ እያቃሰተ ፓራሲታሞል ብቻ ሲሰጠው እንደነበር ጽፏል። 26ኛው ከአሜሪካ ሆኖ በብርቱ ተቃወመ፤ የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ የሆነው ኦክሲኮንቲን በ1996 ለገበያ ከቀረበ በኋላ ስንት ቤት በሱስ እንደፈረሰ በዓይኑ ማየቱን ገልጾ፣ ያ መዓት ወደ ኢትዮጵያ መግባት እንደሌለበት አስጠነቀቀ። ሁለቱም ከደረሰባቸው ተነሥተው ስለጻፉ አንዱን ለመውቀስ አልችልም፤ ግን የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። 27ኛው መልስ ይህን በቁጥር አሳየ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እንዳስታወቀው፣ በዓመት በዓለም ከሚሠራጨው 298.5 ቶን የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። በዩጋንዳ ደግሞ በአን ሜሪማን የተቋቋመው ሆስፒስ (በጽኑ የታመሙትን ሥቃይ የሚያስታግሥ ተቋም) ከ1993 ጀምሮ በውሃ የተበጠበጠ የሚዋጥ ሞርፊን ለሕሙማን እያዳረሰ፣ ከ2004 ወዲህም በልዩ ሁኔታ የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዝዙት በሕግ ተፈቅዶ፣ አገሪቱ የአሜሪካን ዓይነት ቀውስ ሳይገጥማት ቆይታለች። ካንሰር አጥንቱን ለሚበላው ሰው በመድኃኒት ቤት በርካሽ ሊሠራ የሚችልን መድኃኒት በሱስ ሥጋት መከልከል፣ ለእኔ፣ ጥንቃቄ ሊባል አይችልም።

28ኛው መልስ በጸበል ማመንና በመድኃኒት መታከም እንደማይጋጩ የሚመክር የአንድ ዲያቆን መልእክት ነበር፤ ማንም አልተቃወመውም። 29ኛው፣ የመጨረሻው፣ ከ5ኛው መልስ ሐኪም የመጣ ሲሆን እናትየውን የሚመለከት ሳይሆን ክሩን የሚያነብቡትን ነው። በአንድ ወገን ብቻ የሚያቃጥልና የሚወጋ ሕመም ከተሰማ በኋላ በዚያው መሥመር ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የወጣበት ሰው፣ ምች ነው ብሎ ቅጠል እየቀባ ሳምንት ማሳለፍ የለበትም። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት የቫይረሱን መራባት የሚገታው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር በይበልጥ ነው፤ ሽፍታው ቶሎ እንዲደርቅና የመጀመሪያው ሕመም እንዲቀንስ ያግዛል። ሺንግሪክስ የተባለው ባለ ሁለት መጠን ክትባት በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን፣ በተደረጉት ሙከራዎች ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ የሆኑትን ከመቶ ከ90 በላይ ከበሽታው ጠብቋል። በውጭ አገር የሚኖሩና ወላጆቻቸው ለጥየቃ የሚመጡላቸው ሰዎች፣ ሁለቱ መጠኖች ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተራርቀው የሚሰጡ መሆናቸውን አውቀው የጉዞውን ጊዜ ከዚያ ጋር እንዲያመቻቹ ሐኪሙ አሳስቧል።